ከባዶ ገጽ እስከ ፌስቡክ፦ አየርላንድን ሠላሳ አምስት ዓመት ያከራከረው አንቀጽ

እ.ኤ.አ. በ1981 አየርላንድ ውስጥ ፅንስ ማቋረጥ ይፈቀድ ብሎ ለምርጫ የሚቆም ትልቅ ፓርቲ አልነበረም። ድርጊቱ አገሪቱ በእንግሊዝ ሥር ሳለች በ1861 በወጣ የወንጀል ሕግ እስከ ዕድሜ ልክ እስራት ያስቀጣ ነበር። ነፃነት ከመጣ በኋላም ያንን ሕግ ልንካው ያለ መንግሥት አልተገኘም። ከሕዝቡ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው ካቶሊክ ነበር። በሴፕቴምበር 1979 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ደብሊን በሚገኘው ፊኒክስ ፓርክ ቅዳሴ ሲመሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ወጥቶ ነበር፤ የአገሪቱ ጠቅላላ ሕዝብ ደግሞ ያኔ ሦስት ሚሊዮን ተኩል አይሞላም። በእንዲህ ያለ አገር ፅንስ ማቋረጥ የምርጫ መደራደሪያ ይሆናል ብሎ የገመተ ጥቂት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት፣ ለብቻው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስጋቱ የመጣው ከውጭ ነው። በ1973 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፅንስ ማቋረጥ በሕገ መንግሥት የተጠበቀ መብት ነው ብሎ ፈረደ። በዚያው ዓመት የአየርላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በበኩሉ ባለትዳሮች የወሊድ መቆጣጠሪያ ከውጭ ማስመጣት ይችላሉ አለ፤ ምክንያቱም የግል ሕይወት ነፃነት ነበር። አጥባቂ ካቶሊክ የሆኑ ሐኪሞችና የሕግ ሰዎች ሁለቱን ፍርዶች ጎን ለጎን አስቀምጠው አነበቡና ነገ የእኛም ዳኞች እንደ አሜሪካኖቹ ከመፍረዳቸው በፊት በሩን በሕገ መንግሥት እንቆልፈው ሲሉ ተነሡ። ዘመቻቸውን በኤፕሪል 1981 ይፋ አደረጉ።

ጊዜውን ማንም አስቦ ቢመርጠው እንዲህ አይገጥምም። ከጁን 1981 እስከ ኖቬምበር 1982 ባለው አሥራ ስምንት ወር ውስጥ አየርላንድ ሦስት ጊዜ ጠቅላላ ምርጫ አካሄደች። የፊያና ፎይል ፓርቲ መሪ ቻርለስ ሆሂና የፊነ ጌል ፓርቲ መሪ ጋሬት ፊትዝጄራልድ በጥቂት መቀመጫዎች ልዩነት ሥልጣን ይቀባበሉ ነበር፤ አንዱም የአጥባቂዎቹን ድምፅ ለሌላው ጥሎ ለመሄድ አልደፈረም። የዘመቻው መሪዎች ሁለቱንም በየተራ ሄደው አነጋገሩ፣ ከሁለቱም ቃል ተቀበሉ። ፓርላማው ገና ሳይመክርበት፣ ሕዝቡም ሳይወያይበት ነገሩ የምርጫ ቃል ሆኖ አረፈው።

የሆሂ መንግሥት በኖቬምበር 1982 ሊወድቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የማሻሻያውን ረቂቅ አወጣ። ረቂቁ መንግሥት ያልተወለደውን ሕፃን የመኖር መብት እንደሚቀበል፣ የእናቲቱን እኩል የመኖር መብት ግምት ውስጥ እያስገባም በሕግ እንደሚጠብቀው ይናገራል። ፊትዝጄራልድ መጀመሪያ ተስማሙ። ሥልጣን ከያዙ በኋላ ግን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጋቸው ፒተር ሰዘርላንድ ረቂቁን መርምረው አስደነገጧቸው። አንቀጹ አሻሚ ነው፤ ሐኪም የእናቲቱን ሕይወት ለማዳን እንዲያመነታ ሊያደርግ ይችላል፤ ዳኞችም ረቂቁን ካወጡት ሰዎች ሐሳብ በተቃራኒ ሊተረጉሙት ይችላሉ የሚል ነበር ምክራቸው። ፊትዝጄራልድ ሌላ ረቂቅ ይዘው ምክር ቤት ቢገቡም ከገዛ ፓርቲያቸው አባላት ከፊሉ ከዷቸውና ተሸነፉ። የቀረው የሆሂ ረቂቅ ነው።

የ1983 የዘመቻ ወራት መራራ ነበሩ። ጳጳሳቱ ምእመናኑ ማሻሻያውን እንዲደግፉ መከሩ፤ ክርክሩ ከቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት እስከ ራት ገበታ ዘለቀ። ሴፕቴምበር 7 ቀን 1983፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 2 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ድምፅ ከሰጡት 66.9 በመቶው “አዎ” አሉ። ድምፅ ለመስጠት የወጣው ግን ከተመዘገበው መራጭ ከግማሽ ብዙም ያልበለጠው ነው። ስምንተኛው ማሻሻያ የሕገ መንግሥት አካል ሆነ። ያሸነፉት ወገኖች ጉዳዩ አንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ተዘጋ ብለው አመኑ።

አምስት ወር አልሞላም። ጃንዋሪ 31 ቀን 1984 ሎንግፈርድ አውራጃ ውስጥ ባለችው ግራናርድ በተባለች ትንሽ ከተማ አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪ በእመቤታችን ሐውልት አጠገብ ብቻዋን ወለደች። ሕፃኑ ሞተ፤ እሷም በዚያው ቀን አረፈች። ማንም እርጉዝ መሆኗን አውቆ ነበር ብሎ ሊናገር አልወደደም። ጋዜጦች ወሬውን ካወጡ በኋላ የአገሪቱ ስመ ጥር የሬዲዮ አዘጋጅ ጌይ በርን ዘንድ ደብዳቤ ይጎርፍ ጀመር። የጻፉት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ስማቸውን አልገለጹም። በመጸዳጃ ቤት ተደብቃ የወለደች፣ የሞተ ልጇን በድብቅ የቀበረች፣ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ለባሏ እንኳ ያልተነፈሰች። በፌብሩዋሪ 1984 በርን አንድ ሙሉ ፕሮግራም ለደብዳቤዎቹ ሰጡ። አንባቢዎች እየተፈራረቁ አነበቧቸው፤ ማብራሪያ የለም፣ ክርክር የለም፣ የሚተቻቸውም የለም። ቤቷ ምሳ እያበሰለች ሬዲዮ የከፈተች ሁሉ የጎረቤቷን፣ ምናልባትም የእናቷን ምሥጢር ሰማች። ይህ መንገድ፣ ስም ሳይጠቀስ የገዛ ታሪክን ለሕዝብ ጆሮ ማድረስ፣ ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ በሌላ መሣሪያ ተመልሶ ይመጣል።

እስከዚያው ግን ንግግሩ ራሱ ክልክል ሊሆን ነው። ማሻሻያውን የደገፈ አንድ ማኅበር በከሰሰው ጉዳይ የደብሊን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1986 ለነፍሰ ጡር ሴት የእንግሊዝ ክሊኒክ አድራሻ መስጠት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ምክር ይሰጡ የነበሩ ቢሮዎች አፋቸውን ተለጎሙ። ከለንደን የሚመጣው “ኮስሞፖሊታን” መጽሔት የክሊኒክ ማስታወቂያ ይወጣበት የነበረውን ገጽ ለአየርላንድ አንባቢ ባዶውን አተመ። በ1992ም አንድ ቀን “ዘ ጋርዲያን” ጋዜጣ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ስለያዘ አየርላንድ ውስጥ ሳይሸጥ ቀረ። በሕግ የተከለከለው መረጃ በሴቶች መጸዳጃ ቤት በሮች ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ስልክ ቁጥር ሆኖ ይዞር ነበር። የተማሪ ማኅበራት አድራሻዎቹን በመመሪያ መጽሐፋቸው አትመው ሲከሰሱ በ1989 የቆሙላቸው ጠበቃ ሜሪ ሮቢንሰን ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ።

ሴቶቹ ግን ይሄዱ ነበር። በመርከብ ወደ ሊቨርፑል፣ በአውሮፕላን ወደ ለንደንና ማንችስተር ሄደው ከ1980 ጀምሮ ባሉት ዓመታት እንግሊዝ ባሉ ክሊኒኮች የአየርላንድ አድራሻ ያስመዘገቡት ከ160 ሺህ ይበልጣሉ። አድራሻቸውን የደበቁት ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚህም ያልፋል።

በፌብሩዋሪ 1992 ሰዘርላንድ የፈሩት ደረሰ። አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በቤተሰቡ ወዳጅ ተደፍራ አረገዘች። ወላጆቿ ይዘዋት እንግሊዝ ሊሄዱ ተነሡና ከፅንሱ የሚወሰደው ናሙና ለክሱ ማስረጃ ይሆን እንደሆነ የአየርላንድን ፖሊስ ጠየቁ። ጥያቄያቸው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ ደረሰ። ዐቃቤ ሕጉም ስምንተኛውን ማሻሻያ ጠቅሰው እግድ አወጡ፤ ልጅቱ ለዘጠኝ ወር ከአገር እንዳትወጣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት አዘዘ። በ“አይሪሽ ታይምስ” ጋዜጣ ላይ ካርቱኒስቱ ማርቲን ተርነር አሻንጉሊት የያዘች አንዲት ልጅ በእሾሃማ ሽቦ በታጠረ የአየርላንድ ካርታ ውስጥ ቆማ የሚያሳይ ሥዕል ሣለ። ያ ሥዕል አገር ምድሩን አዳረሰ፤ ደብሊን በሰልፍ ተሞላች። ፌብሩዋሪ 26 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አራት ለአንድ በሆነ ድምፅ እግዱን አነሣ፤ ምክንያቱን ማርች 5 አስታወቀ። ልጅቱ ራሷን የማጥፋት ስጋት ስላለባት ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው፤ እንዲህ ባለ ሁኔታ ደግሞ ፅንስ ማቋረጥ በራሱ በአንቀጹ ይፈቀዳል አለ። ፅንስ ማቋረጥን ለዘላለም ይዘጋል የተባለው ማሻሻያ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ ያነበበበት ሰነድ ሆነ።

ሁለቱም ወገን ተቆጣ። በኖቬምበር 25 ቀን 1992 ከጠቅላላ ምርጫው ጋር በአንድ ቀን ሦስት ሕዝበ ውሳኔዎች ተካሄዱ። ሴት ልጅ ከአገር እንዳትወጣ መከልከል እንዳይቻል 62 በመቶ፣ መረጃ መስጠት እንዲፈቀድ ደግሞ 60 በመቶ ገደማ የሚሆነው መራጭ ደገፈ። ራስን የማጥፋት ስጋትን ከምክንያትነት ለማውጣት የቀረበው ሐሳብ ግን ተሸነፈ። ይኸው ሐሳብ በማርች 2002 ዳግም ቀርቦ 50.4 በመቶው “አይሆንም” ስላለ በአሥር ሺህ ድምፅ ገደማ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የትኛውም መንግሥት ሊነካው አልፈለገም። ፖለቲከኞቹ ዝም አሉ፤ ሐኪሞቹ የት ድረስ መሄድ እንደሚችሉ የሚነግራቸው ሕግ ሳይወጣ ሃያ ዓመት አለፈ።

ኦክቶበር 21 ቀን 2012 ሳቪታ ሃላፓናቫር የተባለች የሠላሳ አንድ ዓመት ሕንዳዊት የጥርስ ሐኪም የአሥራ ሰባት ሳምንት እርጉዝ ሳለች ጎልዌይ ሆስፒታል ገባች። ፅንሱ እንደማይተርፍ ተነገራት። ያው ከማይቀር ይውጣልኝ ብላ ጠየቀች፤ የፅንሱ ልብ እየመታ ስለሆነ አይቻልም ተባለች። አንዲት አዋላጅ አገሩ የካቶሊክ አገር መሆኑን ጠቅሳ እንደነገረቻት በኋላ በሞት ምርመራው ችሎት ራሷ አመነች። ሳቪታ በደም መመረዝ ኦክቶበር 28 ሞተች።

ኖቬምበር 14 ጋዜጠኛ ኪቲ ሆላንድ ታሪኩን በ“አይሪሽ ታይምስ” አወጣችው። በግራናርድ ጊዜ ሰው ያለፈበትን ለመናገር ደብዳቤ ጽፎ ፖስታ ቤት ይሄድ ነበር፤ አሁን ግን ወሬው ሌሊቱን በትዊተርና በፌስቡክ ዓለምን ዞሮ አደረ። በቀጣዮቹ ቀናት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በየከተማው ሻማና ፎቶዋን ይዘው ወጡ። በሕንድም ተቃውሞ ተነሣ። ክርክሩም አብሮ ጦፈ፦ አንዱ ወገን የገደላት አንቀጹ ነው ሲል ሌላው የገደላት በጊዜው ያልታከመ ኢንፌክሽን ነው አለ። በ2013 የወጣው የጤና አገልግሎቱ የምርመራ ሪፖርት ሁለቱንም አስፍሯል። የሕክምና ክትትሉ ጉድለት ነበረበት፤ ሐኪሞቹም ሕጉን ፈርተው የፅንሱን ልብ ትርታ ሲጠብቁ ቆይተዋል።

ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንዳ ኬኒ ሳይወዱ በግድ ሕግ ለማውጣት ተነሡ። የእናቲቱ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ብቻ የሚሠራ ጠባብ ሕግ ነበር። በጁን 2013 ለምክር ቤቱ ሲናገሩ ነፍሰ ገዳይ እየተባሉ እንደሚጠሩ፣ በደም የተጻፉ ደብዳቤዎችና የፕላስቲክ ፅንሶች እንደሚላኩላቸው አስረዱ። እሳቸው ካቶሊክ የሆኑ ጠቅላይ ሚኒስትር እንጂ የካቶሊኮች ጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልሆኑም ተናገሩ። ሕጉ በዚያው ክረምት ጸደቀ፤ ከዚህ ውጭ ለሚፈጸም ፅንስ ማቋረጥ ቅጣቱ እስከ አሥራ አራት ዓመት እስራት ሆነ። ሕጉን በኅሊና ምክንያት የተቃወሙ የፊነ ጌል አባላት ከፓርላማ ቡድናቸው ተባረሩ።

ከዚያ በኋላ ማስፈራሪያው ፖስታ መጠበቅ አላስፈለገውም። አንቀጹ ይሰረዝ የሚሉትም ሆኑ ይቆይ የሚሉት በየቀኑ በስልካቸው ስድብ ይጎርፍላቸው ጀመር። ኦገስት 20 ቀን 2016 ሁለት ሴቶች ስማቸውን ሳይገልጹ ከደብሊን ወደ ማንችስተር ተጓዙ፤ አንዷ ፅንስ ልታቋርጥ፣ ሌላዋ ልታጅባት። በየደረሱበት በትዊተር ይጽፉ ነበር፤ አውሮፕላን ማረፊያው፣ የክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል፣ ታክሲው። በእያንዳንዱ መልእክት የጠቅላይ ሚኒስትሩን ስም ይጠቅሳሉ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እግር በእግር ተከተሏቸው። ያጽናናቸው ብዙ ነበር፤ የሰደባቸውም እንዲሁ። የጤና ጥበቃ ሚኒስትሩ ሳይመን ሃሪስ እዚያው ትዊተር ላይ ታሪካቸውን ስላካፈሉ አመሰገኗቸው።

መንግሥት በበኩሉ ከጩኸቱ የራቀ ክፍል ፈለገ። በ2016 መጨረሻ ከየክፍለ ሀገሩ በዕድሜ፣ በፆታና በኑሮ ደረጃ አገሩን እንዲመስሉ ተደርገው የተመረጡ 99 ተራ ዜጎች ደብሊን አጠገብ ማላሃይድ በሚገኝ አንድ ሆቴል ተሰበሰቡ። የመሩት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ሜሪ ላፎይ ናቸው። አምስት ቅዳሜና እሑዶች በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሐኪሞችን፣ የሕግና የሥነ ምግባር ምሁራንን፣ የሁለቱንም ወገን ዘመቻ ተወካዮች አዳመጡ፤ በአንቀጹ ሥር ያለፉ ሴቶችንም በድምፅ ቅጂ ሰሙ። በጠረጴዛው ላይ ማንም ማንንም አያቋርጥም፤ ጥያቄ ያለው በጽሑፍም በቃልም ይጠይቃል። በኤፕሪል 2017 ድምፅ ሲሰጡ አብዛኞቹ አንቀጹ እንዳለ መቆየት የለበትም አሉ፤ 64 በመቶውም ሴቲቱ ምክንያት መጥቀስ ሳያስፈልጋት ፅንስ ማቋረጥ እንድትችል ደገፉ። ፖለቲከኞቹ ዜጎቹ እዚህ ድረስ ይሄዳሉ ብለው አልጠበቁም ነበር። ጉዳዩን ቀጥሎ የመረመረው የፓርላማ ኮሚቴም በዲሴምበር አንቀጹ እንዲሰረዝ፣ እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ድረስም እንዲፈቀድ አሳሰበ። በጃንዋሪ 2018 የተቃዋሚው የፊያና ፎይል መሪ ሚሆል ማርቲን አቋማቸውን ቀይረው ስረዛውን እንደሚደግፉ ለምክር ቤቱ ተናገሩ፤ ከገዛ አባሎቻቸው ብዙዎቹ ግን አልተከተሏቸውም። ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዮ ቫራድካር፣ ራሳቸው ሐኪም ናቸው፣ የድምፅ መስጫውን ቀን ለሜይ 25 ቆረጡ።

የዚያ ዓመት ጸደይ የፌስቡክ መረጃ ለፖለቲካ መዋሉ ዓለምን ያናወጠበት ነው። በማርች ካምብሪጅ አናሊቲካ የተባለው ኩባንያ የሚሊዮኖችን መረጃ እንዴት እንደወሰደ ተጋለጠ። ደብሊን ያሉ ሰዎች የገዛ ሕጋቸውን ገልጠው ሲያዩ ቀዳዳው ወለል ብሎ ታያቸው። አየርላንድ የፖለቲካ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አግዳለች፤ ለዘመቻ ከውጭ አገር ገንዘብ መቀበልም ክልክል ነው። ኢንተርኔት ግን ያኔ በሕጉ ውስጥ አልነበረም። ቴክሳስ የተቀመጠ ሰው ክሬዲት ካርዱን አውጥቶ ኮርክ ላለች መራጭ ስልክ ላይ ማስታወቂያ ቢልክ የሚጠይቀው አልነበረም። የምክር ቤት አባሉ ጄምስ ሎውለስ ይህን ቀዳዳ የሚደፍን ረቂቅ በዲሴምበር 2017 ቢያቀርቡም ሕዝበ ውሳኔው ከመድረሱ በፊት አልጸደቀም።

ሕጉ ያልሠራውን ሊዝ ካሮላን የምትባል ሴትና ባልደረቦቿ በፈቃደኝነት ሊሠሩት ተነሡ። ዘዴው ቀላል ነው። ፈቃደኛ የሆነ ሰው ኮምፒዩተሩ ላይ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ይጭናል፤ ፌስቡክ ገጹ ላይ ማስታወቂያ ሲመጣለት ፕሮግራሟ ቅጂውን ወደ አንድ መዝገብ ትልካለች። ካሮላን መዝገቡን እየከፈተች ማስታወቂያው ስለ ሕዝበ ውሳኔው ነው ወይ፣ የከፈለው ማን ነው፣ አድራሻው የት ነው እያለች ታጣራለች፤ ያገኘችውንም ለጋዜጠኞችና ለሕዝብ ክፍት ታደርገዋለች። ከባሕር ማዶ የተከፈለባቸው ተገኙ። ገለልተኛ መረጃ ሰጪ መስለው ገና ያልወሰነውን መራጭ የሚያነጋግሩ፣ ባለቤታቸው ግን የማይታወቅ ገጾችም ተገኙ። የአንድ ወገን መራጭ ብቻ የሚያየው፣ ሌላው ወገን አይቶ ሊመልስለት የማይችለው ክርክር ክርክር ሊባል አይችልም። የሰው ሕይወት በሚያህል ጉዳይ ላይ ድምፅ የሚሰጥ ሕዝብ ማን እያናገረው እንዳለ የማወቅ መብት ነበረው።

ሜይ 8 ፌስቡክ ከአየርላንድ ውጭ የሚከፈልባቸውን የሕዝበ ውሳኔ ማስታወቂያዎች እንደማይቀበል አስታወቀ። በማግስቱ ጎግል ከዚያ አልፎ የአገር ውስጡንም ጨምሮ ሁሉንም አገደ፤ ዩቲዩብም ዝም አለ። ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀርቶት ነበር። የስረዛው ደጋፊዎች ውሳኔውን ተቀበሉት። “አይሆንም” ባዮቹ ግን ጋዜጣዊ መግለጫ ጠርተው ሕዝበ ውሳኔውን ማጭበርበር ነው ሲሉ ተቃወሙ። ዋና ዋና ሚዲያዎች አይሰሙንም፣ የትልልቆቹ ፓርቲዎች መሪዎች በተቃራኒያችን ቆመዋል፤ የቀረን መራጩን በቀጥታ የምናገኝበት ኢንተርኔት ነበር አሉ። ቅሬታቸው እንዲሁ የሚጣል አይደለም። የአንድን አገር የሕዝበ ውሳኔ ዘመቻ ደንብ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የቀየረው የተመረጠ ምክር ቤት ሳይሆን ካሊፎርኒያ የተቀመጡ ሁለት ኩባንያዎች ናቸው።

ማስታወቂያው ቢዘጋም ስድቡ በነፃ ይሠራ ነበር። ስምና ፎቶ የሌላቸው፣ ብዙዎቹም አየርላንድ ውስጥ መኖራቸው የሚያጠራጥር አካውንቶች ታሪኳን የጻፈችን ሴት ሁሉ ከሥር ተከትለው ይሰድባሉ፣ የፅንስ ሥዕል ይለጥፋሉ። በጎ ፈቃደኞች “ሪፒል ሺልድ” የሚባል መከላከያ አዘጋጁ። አንድ ጊዜ የተመዘገበ ሰው በዝርዝሩ ያሉትን በሺዎች የሚቆጠሩ አካውንቶች ባንድ ጊዜ ብሎክ ያደርጋል። ብዙ ሴቶች እፎይ አሉ። ዝርዝሩ ውስጥ ግን ስድብ ከአፋቸው ያልወጣ፣ የተለየ አቋም ብቻ ያላቸው ሰዎችም ተካተናል ብለው ቅር ተሰኙ፤ የሁለቱ ወገን ደጋፊዎች ትዊተር ላይ መገናኘታቸው እየቀረ ሄደ።

በዚያው ወራት ፌስቡክ ላይ ሌላ ነገር እየተካሄደ ነበር። ጎልዌይ አውራጃ የምትኖረው አሜሪካ የተወለደችው አርቲስት ኤሪን ዳርሲ በጃንዋሪ 2018 “ኢን ኸር ሹዝ” የሚል ገጽ ከፈተች። ሴቶች ታሪካቸውን ያለ ስም ይልኩላታል፤ እሷ ከአንድ የጫማ ፎቶ ጋር ታወጣዋለች። ፊት የለም፣ ስም የለም፤ የተረገጠ የስፖርት ጫማ፣ የዝናብ ቦቲ፣ የሠርግ ጫማ። ልጇ በሆዷ ውስጥ እንደማይተርፍ ተነግሯት ሊቨርፑል ሄዳ የተመለሰች እናት፣ ለአውሮፕላን ገንዘብ የተበደረች ተማሪ፣ ክኒን በፖስታ አስመጥታ ማንንም ሳትጠራ በመኝታ ክፍሏ የደማች ሠራተኛ። ሰዎች ለእናታቸውና ለአባታቸው ያካፍሉት ነበር፤ በብዙ ቤት እናትየዋ አንብባ ስትጨርስ የገዛ ታሪኳን ነገረች። ለጌይ በርን የተላኩት ደብዳቤዎች በጊዜያቸው የገለጡት ያው የተደበቀ ሐዘን ነው።

“አዎ” ባዮቹ ለፖስተር ማሠሪያ 50 ሺህ ዩሮ መዋጮ ጠይቀው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሰበሰበላቸው። “አይሆንም” ባዮቹ የፅንስ ምስል ያለባቸውን ፖስተሮች በየመብራት እንጨቱ ሰቀሉ፤ በአሥር ሺዎች ሆነው ደብሊን ላይ ሰልፍ ወጡ፤ ቤት ለቤትም እየዞሩ ያልተወለደው ልጅ ድምፅ የለውም፣ የምንናገርለት እኛ ነን ይሉ ነበር። ብዙዎቹ ይህን የሚሉት ከልባቸው ነው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ደግሞ ከለንደን፣ ከሎስ አንጀለስ፣ ከቶኪዮ አየርላንዳውያን ወደ አገራቸው ይበሩ ጀመር። ሕጉ ውጭ ላሉት በፖስታ ድምፅ መስጠት አይፈቅድም፤ ከወጡ አሥራ ስምንት ወር ያልሞላቸው ግን ተመልሰው መምረጥ ይችላሉ። ሻንጣቸውን እየጎተቱ ደብሊን አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ የተነሡት ፎቶ ለመምረጥ ወደ አገር ቤት የሚል ትርጉም ባለው ሃሽታግ ትዊተርን አጥለቀለቀው።

ሜይ 25 ቀን 2018፣ ግንቦት 17 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ከተመዘገበው መራጭ 64 በመቶው ወጥቶ ድምፅ ሰጠ። 66.4 በመቶው አንቀጹ ይሰረዝ አለ፤ በ1983 ይግባ ያለው 66.9 በመቶ ነበር። በ1983 ዕድሜው ደርሶለት ድምፅ መስጠት የቻለ ሰው በ2018 ከ52 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይቆይ ያለው ብቸኛ የምርጫ ክልል በሰሜን ምዕራብ ያለው ዶኔጎል ነው፤ ከዕድሜ ክፍሎችም በአብላጫ “አይሆንም” ያሉት ከ65 ዓመት በላይ ያሉት ብቻ ናቸው። ብሔራዊው ማሰራጫ አርቲኢ ከምርጫ ጣቢያ የሚወጡ ሰዎችን ለውሳኔያችሁ ምን ረዳችሁ ብሎ አስጠይቆ ነበር። 43 በመቶው በሚዲያ የሰሙት የሰዎች የሕይወት ታሪክ፣ 34 በመቶው የሚያውቁት ሰው ያጋጠመው ነው ሲሉ መለሱ፤ ፖስተር ያሉት 10 በመቶ ናቸው። ሦስት አራተኛው ደግሞ ዘመቻው ሳይጀመርም አቋማችን ይታወቅ ነበር ብለዋል። ያ ሁሉ ስድብና የተደበቀ ማስታወቂያ ሰውን አቁስሏል፤ አስፈርቷል፤ መራጩን ያሳመነው ግን እሱ አልነበረም።

ፕሬዚዳንት ማይክል ዲ. ሂገንስ በሴፕቴምበር ስረዛውን፣ በዲሴምበር አዲሱን ሕግ ፈረሙ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 2019 አገልግሎቱ ተጀመረ። እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ያለ ምክንያት ይፈቀዳል፤ ሴቲቱ ሐኪም ካየች በኋላ ሦስት ቀን መጠበቅ አለባት። በመጀመሪያው ዓመት 6,666፣ በ2023 ደግሞ ከአሥር ሺህ በላይ ፅንስ ማቋረጦች ተመዘገቡ። ሕጉን የሚቃወሙት ቁጥሩን የፈራነው ደረሰ ሲሉ ያነሡታል፤ ደጋፊዎቹ ቀድሞ በእንግሊዝ መዝገብና በፖስታ ክኒን ተሰውሮ የነበረው አሁን አገር ውስጥ ተቆጠረ ይላሉ። ስረዛውን በመቃወም ሺን ፌን የተባለውን ፓርቲ ለቅቀው የወጡት የምክር ቤት አባል ፒደር ቶቢን በ2019 አይንቱ የሚባል ፓርቲ መሠረቱ፤ ፓርቲው በ2020 አንድ፣ በ2024 ሁለት መቀመጫ አገኘ። በሁለቱም ምርጫዎች መራጩ አብዝቶ ካነሣቸው ጉዳዮች አንዱ የቤት ኪራይና የቤት እጥረት ነበር።

የኢንተርኔቱ ጉዳይ ግን በሕግ ለመያዝ ዓመታት ፈጀ። በ2022 የወጣው የምርጫ ማሻሻያ ሕግ የምርጫ ኮሚሽን አቋቋመ፤ በኢንተርኔት የሚወጣ የፖለቲካ ማስታወቂያም ከፋዩ እንዲታወቅ ደነገገ። በኦክቶበር 2025 የአውሮፓ ኅብረት የፖለቲካ ማስታወቂያ ደንብ ሥራ ላይ ሲውል የፌስቡክ ባለቤት ሜታና ጎግል ደንቡን ከመከተል ይልቅ በኅብረቱ አገሮች የፖለቲካ ማስታወቂያ መቀበሉን አቆሙ። አየርላንድ በዚያው ወር ኦክቶበር 24 የፕሬዚዳንት ምርጫ ነበራት። ምርጫው ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ዕጩዋ ካትሪን ኮኖሊ ከውድድሩ መውጣቷን የሚያሳይ ቪዲዮ ፌስቡክ ላይ ዞረ። የአርቲኢን የዜና ፕሮግራም ያስመሰለ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ሐሰተኛ ቪዲዮ ነበር። ኮኖሊ ውሸት መሆኑን ወዲያው አስታወቀች፣ ኩባንያውም ካነሣው በኋላ ምርጫው በቀኑ ተካሄደ፤ ከ63 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝታ አሸነፈች። ለዚያ ቪዲዮ የማስታወቂያ ክፍያ አላስፈለገም፤ ከማስታወቂያ ውጭ የሚሠራጨውን ሐሰት ማን ይቆጣጠር የሚለው ጥያቄም አሁን በምርጫ ኮሚሽኑና በደብሊን ባሉት የኩባንያዎቹ ቢሮዎች መካከል ነው።